በቆርኪ የተሰፈረ ማዳበሪያ

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ሦስት ልጆች አሏት። ያላት አንዲት ቁራጭ መሬት ናት፤ እሷም አፈሯ የተራቆተ። አምና ዝናቡ ቀድሞ ሄደና ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ፣ ልጆቿን በየዘመዱ ቤት አስጠግታ ልትሰደድ ነው። በእጇ ያለው ማዳበሪያ ደግሞ ግማሽ ጆንያ እንኳ አይሞላም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ልንገራችሁ፤ ትበትኑታላችሁ! የአገሩ ልማድ ነዋ። ዘሩንም ማዳበሪያውንም እየዘገኑ መበተን።

እሷ ግን የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ይዛ ማሳዋ ገባች። በመስመር ትንሽ ጉድጓድ ትምሳለች፤ አንድ ቆርኪ ማዳበሪያ ትጨምራለች፤ ዘሩን እንዳያቃጥለው አፈር ጣል ታደርግበታለች፤ ከዚያ ዘሩን። ደግሞ ሌላ ጉድጓድ። ደግሞ ሌላ። ወገቧ እስኪቆረጥ!

ጎረቤቷ አያ ደምለው በሬዎቹን አቁሞ ሳቀባት።

«እታለም፣ እየዘራሽ ነው ወይስ ለሕፃን መድኃኒት እየሰፈርሽ?»

«አያ ደምለው፣ ብበትነው አረሙ ይበላብኛል» አለችው ቀና ሳትል። «ትንሽ ስለሆነ ነው ከሥሩ የማስቀምጠው።»

እኔም በዚያ ሳልፍ ሰምቼ ስቄያለሁ። ልዋሽ እንዴ?

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ። የአያ ደምለው ማሽላ ጠወለገ። የእሷ ግን ቀድሞ ሥር ሰድዶ ነበርና፣ ከታች ያለችውን እርጥበት አግኝቶ አፈራ። ጎተራ ሞላ አልላችሁም። ግን ልጆቿ እቤታቸው ከረሙ! አያ ደምለውም መጥቶ «እታለም፣ ለከርሞ እኔንም አሳዪኝ» አለ። አሳየችው፤ ሳቁን አላነሳችበትም።

ወገኖቼ፣ እኔ ይህችን ሴት አደንቃታለሁ። ስንት ዓመት ወንጌል ሳስተምር ያላወቅሁትን አስተማረችኝ።

እኛስ? «አቅሜ ትንሽ ናት» እንላለን። ያቺኑ ትንሽ ደግሞ እንበትናታለን። «ለተራበ ሁሉ፣ ለታመመ ሁሉ» ብለን እንጸልያለን፤ አሜን ብለን እንሄዳለን። ሁሉ ማን ነው? ሁሉ በር አለው? ሁሉን አንኳኩታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ሰው ያዙ። ስም ያለው፣ በሩን የምታውቁት አንድ ሰው። ዛሬ ከዚህ በቀጥታ ወደ እሱ ሂዱ። ስሙ ገና ያልመጣላችሁ ካላችሁ፣ አትነሡ፤ እጠብቃችኋለሁ።