ሸክላ ሠሪዋ ኤሊ እና የእናቷ ሐይቅ

ቀረብ በሉና ጆሮ ስጡኝ። እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው፣ እሳት እንኳ ሲጠሩት "አቤት" በሚልበት ዘመን የሆነውን ላውራችሁ።

በዚያ ዘመን አንዲት ኤሊ ነበረች። ሥራዋ ሸክላ ነው። ገንቦ ብትሉ፣ ድስት ብትሉ፣ ማድጋ ብትሉ፣ እጇን የሚያህል አልነበረም። ግን ብቻዋን ናት። አፈሩን የምትቆፍር እሷ፣ ጭቃውን የምታቦካ እሷ፣ ቅርጽ የምታወጣ እሷ፣ በእሳት የምትተኩስ እሷ፣ ገበያ የምታወጣም እሷ። ደግሞ ኤሊ ናት፤ ፍጥነቷን ታውቁታላችሁ።

እናቷ ከተራራው ማዶ ሐይቅ ዳር ትኖራለች። ከተለያዩ ብዙ ክረምት አልፏል። ኤሊ ጭቃ ስታቦካ የሐይቁ ውሃ ይሸታታል፣ የእናቷ ድምፅ ይመጣባታል፣ እንባዋም ጭቃው ላይ ጠብ ይላል። "ይቺን ልጨርስና እሄዳለሁ" ትላለች። ይቺ ስታልቅ ሌላ ይታዘዛል።

አንድ ቀን ዳክዬ ከሐይቁ መጣች።

"እመት ኤሊ፣ እናትሽን ናፍቀሻታል። ዐይኔ መድከም ጀምሯል፣ ጨርሶ ሳይጠፋ ልጄን ልያት ብላለች።"

ኤሊ ክው አለች። "ሥራውን ለማን ጥዬ?"

"ጎረቤት የለሽም እንዴ?" አለቻት ዳክዬ።

ይህን የሰማች ጦጣ እየሮጠች መጥታ "ሁሉንም ለእኔ!" አለች። ጦጣ አምና የተዋሰችውን ወንፊት ገና አልመለሰችም፤ ኤሊ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

አፈር መቆፈሩን ለፍልፈል ሰጠች። ፍልፈል ዕድሜውን ሙሉ መሬት ውስጥ የኖረ፣ ጎረቤት ዋሽቶ የማያውቅ ነው። "እመት ኤሊ፣ አንቺ ስንቅሽን ቋጥሪ፣ እኔ አለሁ" አላት። እሷ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ጠጠር አለበት?"

"የለበትም።"

"እስቲ አሳየኝ።"

ይወጣል፣ ያሳያታል፣ ይገባል። "አሁንስ?" ይወጣል፣ ያሳያታል፣ ይገባል። ሲወጣ ሲገባ ቀኑ መሸ፤ አንድ ቅርጫት እንኳ አልሞላም።

ገበያ ማድረሱን ለአህያ ሰጠች። አህያ መንገዱን ዐይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። "አንቺ ወደ እናትሽ፣ እኔ ወደ ገበያ" አለቻት። ኤሊ ግን "እስከ ወንዙ ልሸኝሽ" ብላ ተነሣች። ከወንዙ ሲደርሱ "እስከ ዋርካው" አለች። "ቀስ በይ! ድንጋይ አለ! ወደ ቀኝ!" አህያ ምን ታድርግ? በኤሊ እርምጃ ሄደች። ሲደርሱ ገበያው ተበትኗል።

ዳክዬ ተመልሳ መጣች። "እናትሽ አሁን የሚታያት ጥላ ብቻ ነው። ልጄ ተነሥታለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"ምን ልበላት?"

ኤሊ አለቀሰች።

መተኮሱን ለእሳት ሰጠች። ሸክላ ሲተኮስ ኩበትና ገለባ ይለብሳል፤ ራሱ እስኪበርድ አይገለጥም። ኤሊ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። እሳትም "አልብሺና ሂጂ፣ የቀረው የእኔ ነው" አላት። አልብሳ ሄደች። ኮረብታው ወገብ ላይ አንገቷን አዞረችና ጭሱን አየች። "በዝቷል" አለች። ጥቂት ሄዳ ደግማ አዞረች። "አንሷል" አለች። ሦስተኛ ስታዞር እግሯም አብሮ ዞረ። ተመልሳ ገለባውን ገለጥ አደረገችው። ነፋስ ገባ። ቋ! ገንቦው ተሰነጠቀ። ቋ! ድስቱ። ቋ! ማድጋው።

"ምን አደረግሽ?" አለ እሳት።

"ልይ ብዬ ነው።"

"አላመንሽኝም?"

"ኧረ አምኜሃለሁ!"

"ታዲያ ምን ልታዪ መጣሽ?"

ኤሊ ጎንበስ ብላ ስባሪውን ለቀመች። ፍልፈልና አህያም መጥተው ቆሙ። ማንም አልተቆጣም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። "ሥራሽን የያዝንልሽ እንድትሄጂ ነበር" አለ ፍልፈል። "አንቺ ግን እኛንም አላሠራሽን፣ እናትሽንም አላየሽ።"

ኤሊ እንደገና ሸክላዋን ሠርታ ጥላ ሥር አደረቀች። የምትፈልገውን አንድ ጊዜ ነገረቻቸው። "በእናንተ እጅ ነው" አለችና ተራራውን ተሻገረች።

እናቷን ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

"እማዬ!"

እናቷ ቀና አለች፤ ዐይኗ ግን ወደ ሌላ በኩል ነበር። "ድምፅሽ ነው? መጣሽልኝ?"

"መጣሁ፣ እማዬ።"

"እስቲ ቅረቢኝ።" አገጯን ልጇ አንገት ላይ አሳረፈች። ሁለቱም አለቀሱ። ጥቂት ቆይቶ ያ አንገት ቀስ ብሎ ወደ ተራራው ዞረ።

"ኋላሽ ምን አለ?" አለች እናት።

"ሸክላዎቼ።"

"የያዘልሽ የለም?"

"አለ። የታመኑ ናቸው።"

"እንግዲያው እኔን እይኝ፣ ልጄ። እኔ እንኳ አንቺን ማየት አልችልም።"

ኤሊ አንገቷን መለሰች። ፀሐይ እስክትጠልቅ እናቷን ስታይ ዋለች። ሸክላው? ደህና ወጥቶ ገበያ ደርሷል፤ ዳክዬ ናት ኋላ የነገረቻት፣ ኤሊስ መጠየቁንም ረስታው ነበር።

ወሬዬ እዚህ ላይ አለቀ። እናንተም ሥራችሁን ለምታምኑት ከሰጣችሁ፣ ልባችሁን እዚያው ጥላችሁ አትሂዱ። ለሚጠብቃችሁ ይዛችሁለት ድረሱ፤ ዐይኑ ሳይደክም።