የስኩዊዷ ሁለት ረጃጅም እጆች

በድሮ ዘመን፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ ጥልቁ ሳይጀምር፣ አንዲት ስኩዊድ ትኖር ነበር። ስኩዊድ አታውቁም? አጥንት የላት፣ እጇ አሥር፣ አፏ እንደ በቀቀን መንቆር! ስምንቱ እጆቿ አጫጭር፣ ሁለቱ ግን ረጃጅም ናቸው። ተንኮለኛ ነበረች፣ ሆዳም ነበረች፣ ብቸኛም ነበረች።

አንድ ቀን ሽሪምፕ የምትባል ትንሽ የባሕር ፍጥረት አገኘች። «እህቴ፣ ነይ እንጫወት!» አለቻት። ሽሪምፕ መጣች። ሁለቱ ረጃጅም እጆች ተወረወሩ፤ ላፍ! ሽሪምፕ የለችም።

በማግስቱ ትንሽ ዓሣ አገኘች። «ወንድሜ፣ ና እንጫወት!» ዓሣው መጣ። እጆቹ ተወረወሩ፤ ላፍ! ዓሣው የለም።

በሦስተኛው ቀን የገዛ ታናሽ እህቷ መጣች። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ ጥርስህን አትግለጥብኝ፤ እሷንም በላቻት!

ከዚያ ባሕሩ ጭር አለ። እሷ ስትመጣ ሁሉም አሸዋ ውስጥ ይገባል። ቀልድ ታወራለች፣ የሚስቅ የለም። ቀይ ትሆናለች፣ ነጭ ትሆናለች፣ ዝንጉርጉር ትሆናለች፤ «አምሮብሻል» የሚላት የለም።

አንድ ሽማግሌ ሸርጣን ከድንጋይ ስር ሆኖ፣ «እሜቴ አሥር እጅ፣ ምን ያነፋርቅሻል?» አላት።

«የሚያጫውተኝ አጣሁ፣ አባባ።»

«ሁሉንም በልተሽ ማን ይቅርልሽ? በይ፣ ሁለቱን ረጃጅሞች በባሕር ሣር ጥፍር አርገሽ እሰሪ። ያኔ ወጥቼ አጫውትሻለሁ።»

አሰረች። ሸርጣኑ ወጣ። አንድ እግሩን ማዕበል እንዴት እንደወሰደበት አወራላት። እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች። በማግስቱም መጣ። እሷ ጠዋት ጠዋት ድንጋዩን ታያለች፤ «አባባ፣ ዛሬ ዘገየህ!» ትላለች።

አንድ ቀን ግን ተንኮሏ ተነሳባት። «እስቲ ላስደንግጠው፤ ለቀልድ ነው» ብላ ሣሩን ላላ አድርጋ አሰረችው።

ሸርጣኑ መጣ፤ ተጠግቶ ተቀመጠ። «ትናንት የት ላይ አቆምኩልሽ?» አላት።

ሁለቱ እጆች ተወረወሩ፤ ላፍ! እጆቿ መቀለድ መች ያውቃሉ? የያዙትን ወደ አፍ ማምጣት ነው የለመዱት። መንቆሯም ቅርፊቱን ቀረጠፈው።

«ስቀልድ እኮ ነው፣ አባባ!» ልትል ፈለገች። ግን አፏ ሙሉ ነበር።

ድንጋዩ ስር ማንም የለም።

እናንተም ስሙ፦ ወዳጅ የሚፈልግ ክፉ ልማዱን ላላ አድርጎ አያስርም። ተረቴ አለቀ፤ ጨዋማው ባሕር ጉሮሮዬን አደረቀው፣ በሉ ውሃ አቀብሉኝ!