ስንዱ ለሐኪሟ ያልነገረችው

አንዲት ሴት ነበረች፣ ወገኖቼ። ጠዋት ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ጫማዋን አጥልቃ ስትጨርስ ጉልበቷ የሚያልቅ ሴት። ቀኑ ገና አልተጀመረም፤ እሷ ግን ጨርሳለች።

ስንዱ ትባላለች። ኮምቦልቻ ውስጥ ሕፃናት ፊደል የምታስቆጥር መምህርት ነበረች። ሐኪሞች በሽታዋን የመገጣጠሚያ ብግነት አሉት፤ ጎረቤት ቁርጥማት አለው። የሆስፒታሉ መድኃኒት የጣቶቿን እብጠት አስታገሠላት። ድካሙ ግን አልለቀቃትም። እናንተ የምታውቁትን ድካም እንዳይመስላችሁ። እናንተ ስትተኙ ይወጣላችኋል። እሷ ከእንቅልፏ የምትነቃው ደክማ ነው።

ለመሆኑ ድካም ይታያል? እብጠት ይታያል። ቁስል ይታያል። ድካምን ግን ማን ያየዋል?

ባሏ ታረቀኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ከሥራ ሲመጣ ቤቱ እንደተዝረከረከ፣ እሷም እንደተኛች ያገኛታል። "ጣትሽ ተሽሎሽ የለም እንዴ? አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?" ይላታል።

"ደክሞኛል።"

"ማን ያልደከመው አለ?" ብሎ ይወጣል።

የታረቀኝ ታላቅ እህት እትዬ ብዙአየሁ አብረዋቸው ይኖራሉ። ስንዱን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዷት። ስትዝል እያዩ ዝም ማለት አልቻሉምና መድኃኒት ፍለጋ ተነሱ። ተልባ ሲሏቸው ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ሲሏቸው ጥቁር አዝሙድ በማር፣ የሽፈራው ቅጠል ሲሏቸው ሽፈራው። ስንዱም እሳቸውን ላለማስቀየም ሁሉንም ወሰደች። አልጎዳትም። ድካሙም ንቅንቅ አላለም።

ከዕለታት አንድ ቀን እትዬ ብዙአየሁ ከገበያ አንድ ዱቄት ይዘው መጡ። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት።

"ምንድን ነው እትዬ?"

"የሥር መድኃኒት ነው አለኝ ሰውየው። ስንቱን ከአልጋ እንዳነሳ ብትሰሚ! ጠጪው ልጄ።"

ጠጣችው። ተነሳችም! ልብስ አጠበች። ክፍል ውስጥ ቆማ አስተማረች። ጉልበቷ ሲመለስላት የሆስፒታሉን መድኃኒት ተወችው፤ ቀጠሮዋንም ዘለለችው። ፊቷ እየከበበ፣ እያበጠ ሲሄድ ጎረቤት "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" አላት። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። ከመሃላቸው ግን አንድ ሰው እንኳ "ይሄ ጉልበት ከየት መጣ?" ብሎ አልጠየቀም።

ከወራት በኋላ ግን እትዬ ብዙአየሁ ዱቄቱን የሚገዙበት ሻጭ ከገበያው ጠፋ። ዱቄቱም አለቀ።

ስንዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደቀች። የበላችው አልረጋ አለ። መቆም አቃታት። አንድ ጠዋት ታረቀኝ ሊቀሰቅሳት ቢነካት ሰውነቷን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል፤ ሲጠሯት በቅጡ አትመልስም። አቅፏት ወጣ። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሲበሩ እትዬ ብዙአየሁ ከጎኗ ተቀምጠው እጇን ያሻሉ።

ሐኪሟ የደም ግፊቷን ለካች። ፊቷ ተለወጠ። እንደገና ለካች። ነርሷን ግሉኮስ እንድታንጠለጥል አዝዛ ወደ ስንዱ ጎንበስ አለች።

"ስንዱ፣ ትሰሚኛለሽ? እኛ ከሰጠንሽ ሌላ የወሰድሽው ነገር አለ?"

ስንዱ ዓይኗን ገለጠች። ባሏን አየች። እትዬ ብዙአየሁን አየች።

"ምንም" አለች።

"ቅጠል? ሥር? ዱቄት? አልቆጣሽም። ካላወቅኩ ግን በጭፍን ነው የማክምሽ።"

"ምንም አልወሰድኩም።"

ወገኖቼ፣ ነፍሷ በቋፍ ላይ ያለች ሴት ለምን ትዋሻለች? እዚያው አጠገቧ የቆሙት አሮጊትስ ለምን ዝም ይላሉ? እትዬ ብዙአየሁ የነጠላቸውን ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል። ቢናገሩ ወንድማቸው ምን ይላቸዋል? ሰፈሩ ምን ይላቸዋል? ግፊቷ አሁንም እየወረደ ነው። ነርሷ ቁጥሩን ትጠራለች። ሐኪሟ አንዴ ወደ መሣሪያው፣ አንዴ ወደ በሽተኛዋ ታያለች።

"እኔ ነኝ!" አሉ እትዬ ብዙአየሁ በድንገት። "እኔ ነኝ የሰጠኋት! ዱቄት ነው፣ ከገበያ የገዛሁት። አልቆባት ነው እንዲህ የሆነችው። በገዛ እጄ ገደልኳት!"

ታረቀኝ ዞረባቸው። "ምን አጠጣሻት?" ብሎ ሲጮህ ሐኪሟ በእጇ አስቆመችው። "ተወው! ለመዳኗ የሚያስፈልገኝን ነው የነገሩኝ" አለችና ለነርሷ መርፌ አዘዘች። ኋላ ላይ እንዳስረዳቻቸው፣ እንዲህ ባለ ዱቄት ውስጥ አንዳንዴ ኃይለኛ መድኃኒት በስውር ይደባለቃል፤ ሰውነት ከለመደው በኋላ በድንገት ሲቋረጥበት ራሱን መደገፍ ያቅተዋል።

ስንዱ ተረፈች። ነፍስ ስትዘራ ታረቀኝ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጠየቃት።

"ልትሞቺ ነበር እኮ። ለምን ደበቅሽ?"

"ዱቄቱን በጠጣሁ ሰሞን 'አሁን ገና ሰው ሆንሽ' አልከኝ" አለችው። "ቢከለክሉኝ ተመልሼ ምን ልሆን ነው?"

ታረቀኝ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ድካሙ ከዚያ በኋላ ጠፋ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልጠፋም። ሐኪሟ መድኃኒቷን አስተካከለችላት፤ ቀስ እያለች እንድትራመድ፣ በሥራ መሃልም እንድታርፍ መከረቻት። "ተልባውን ከወደድሽው ጠጪ፤ ብቻ የምትወስጂውን ሁሉ ንገሪኝ" አለቻት። ድካሙ ቀለለላት። ከባድ ቀን ሲመጣም ታረቀኝ ልብሱን ራሱ ያጥባል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ማን ላይ እንፍረድ? ሻጩ ላይ? አዎ፣ በደለኛ ነው። እትዬ ብዙአየሁ ላይ? እሳቸው ወደዱ፤ ግን የሚሰጡትን ሳያውቁ ሰጡ። እኛስ? በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ስንት ዓይነት መድኃኒት በአፋችን ይዘን እንገባለን? "ይሄን ጠጪ፣ ያንን ተቀቢ፣ የሆስፒታሉን ተዪው" ያልን ስንቶቻችን ነን? ተዪው ያላችሁ እናንተ፣ ስትወድቅ ከአልጋዋ አጠገብ ትገኛላችሁ?

ደግሞ ከዚህ የሚከፋ አለ። በየቤታችን እውነቱን ቢናገር ክብሩን የሚያጣ የሚመስለው ሰው አለ። እንዲህ ያደረገው ማነው? ሲሠራ አመስግነነው፣ ሲደክም ፊታችንን ያዞርንበት እኛ አይደለንም? እግዚአብሔር ያከበረውን ሰው በጉልበቱ መዝናችሁ አቀለላችሁት!

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ከቤተሰባችሁ አንዱን ተኝቶ ታገኙት ይሆናል። አትምከሩት። አትገሥጹት። አጠገቡ ተቀመጡና "እንዴት ነህ?" በሉት። "ደህና ነኝ" ቢላችሁ አትነሱ። እውነቱን እስኪነግራችሁ ድረስ እዚያው ቆዩ።