ተራውን ጥሎ የሄደው አብራሪ

አንድ አብራሪ ነበር፤ ስሙ አጥናፉ ይባላል። በአገሩ ትልቅ በሚባለው የበረራ ድርጅት ውስጥ ከወጣትነቱ ጀምሮ አገልግሏል። አብራሪዎቹ ድርጅቱን በስሙ አይጠሩትም፤ «ትልቁ ቤት» ነበር የሚሉት። በትልቁ ቤት ውስጥ ከሕግ ሁሉ በላይ የሆነ አንድ ሕግ ነበር፤ እሱም ተራ ነው። ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይመርጣል። የሚበርበትን መሥመር፣ የሚያርፍበትን ሳምንት፣ ከቤቱ የሚውልበትን በዓል ቀዳሚው ካነሣ በኋላ የተረፈው ለተከታዩ ይደርሳል፤ ከእሱ የተረፈው ደግሞ ለሚቀጥለው። የመጨረሻው ሰው ምርጫ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው።

አጥናፉ ለብዙ ዘመን ፍርፋሪ በላ። ገና ሲመጣ ሰማይ ላይ ነው። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ባዕድ አገር ሆቴል ውስጥ ነው። ልጆቹ ክርስትና ሲነሡ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ አልፎ ሄዷል። አልከፋውም ማለት ውሸት ነው፤ ከፍቶታል፤ ግን «ነገ የኔ ተራ ይደርሳል» እያለ ዋጠው። ከፊቱ የነበሩት አንድ በአንድ ጡረታ ወጡ። እሱም ካፒቴን ሆነ። በመጨረሻ ከፊቱ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ካፒቴን ዘርጋው የሚባል፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሁሉም ቆሞ ሰላም የሚለው አንጋፋ አብራሪ።

በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም የአጥናፉ አባት ታመሙ። የሚኖሩት ከዋና ከተማው ራቅ ባለች ከተማ ነው። በስልክ ሲያገኛቸው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ደህና ነኝ። ብቻ ፋሲካን እዚህ ብትውል ደስ ይለኛል» አሉት። የአገራችን አባት «ደህና ነኝ፣ ብቻ» ካለ ደህና እንዳልሆነ ማንም ያውቀዋል። አጥናፉም ገባው።

የፋሲካን ሳምንት ግን ካፒቴን ዘርጋው ለዕረፍቱ ይዞት ነበር። አጥናፉ በአብራሪዎች ማረፊያ ክፍል አገኘውና ጠጋ ብሎ ለመነው።

«ካፒቴን፣ እባክዎ ይህችን ሳምንት ይልቀቁልኝ። አባቴ ደክመዋል። በምትኩ የዓመቱን ዕረፍቴን በሙሉ ይውሰዱ።»

«እኔ ደግሞ ሐይቅ ዳር ቤት ይዤያለሁ» አለ ዘርጋው ጋዜጣውን ሳያጥፍ። «ስማ አጥናፉ፣ ተራ ተራ ነው። እኔ ስጠብቅ የለቀቀልኝ ሰው አልነበረም። አንተም ሲደርስህ ትወስዳለህ።»

አጥናፉ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። በልቡ የተሳደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

በስቅለት ዕለት ጠዋት አባቱ ዐረፉ። አጥናፉ ደንብ ልብሱን ለብሶ ወደ አውሮፕላን ጣቢያው ከወጣ በኋላ ነበር ወሬው ቤቱ የደረሰው። ሚስቱ አስካለ ወዲያው ለበረራ ኃላፊው ለአቶ ልዑልሰገድ ደወለች።

«የአጥናፉ አባት አርፈዋል። እንዳይነግሩት አደራዎን። ብቻ ሰበብ ፈልገው ከበረራው ያውርዱልኝና ወደ ቤት ይላኩልኝ። የሚያረዱት ሽማግሌዎች እየመጡ ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ አለሁ፣ አይጨነቁ» አላትና ስልኩን ዘጋ።

አላወረደውም! በዓል ነው፤ ተተኪ መፈለግ ጣጣ ነው፤ መንገደኛው ያጉረመርማል፤ አለቆች ለምን ዘገየ ይላሉ። «ሬሳው እንደሆነ አይነሣ፤ በረራው ግን ይዘገያል» ብሎ አጠገቡ ለነበረ ሰው እንደተናገረ ኋላ ተሰማ። አጥናፉም ምንም ሳያውቅ፣ አባት አለኝ ብሎ፣ ባሕር ተሻግሮ በረረ።

አስካለ ባሏን ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልመጣም። ደግማ ስትደውል አውሮፕላኑ ተነሥቷል አሏት። እዚያ ደርሶ ከሆቴሉ ሲደውልላት የመጀመሪያ ቃሉ «አባቴ እንዴት ዋሉ?» የሚል ነበር። ምን ትበለው? ሰው በባዕድ አገር፣ ብቻውን ባለበት ክፍል መርዶ አይነገረውም። ደግሞ በማግስቱ ያን ሁሉ ነፍስ ጭኖ የሚመለስ ሰው ነው።

«ደህና ናቸው፤ ተኝተዋል» አለችው።

ከዚያ ዕለት ወዲህ አስካለ ያቺን ቃል ስታስብ ፊቷ ይለወጣል። ባሏን ዋሽታው አታውቅም ነበር። ያንን ውሸት አፏ ውስጥ የጨመረው ማን ነው? ትልቁ ቤት ነው።

በማግስቱ አጥናፉ ሲመለስ ሽማግሌዎች ከቤቱ በር ቆመው ጠበቁት። ነጠላቸውን ለሐዘን ያጣፉበትን ሁኔታ ሲያይ ማንም ሳይነግረው ገባው። ነገር ግን ከሞቱ ይልቅ ያቃጠለው ሌላው ነበር፤ በዓሉ ስለደረሰ ቀብሩ ሊቆይለት አልቻለም። አባቱ በዚያው ቀን፣ እሱ ደመና ላይ ሳለ፣ አፈር ለብሰዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው አፈር አላለበሳቸውም።

ወደ ትውልድ ከተማው ሄዶ መቃብሩን አይቶ ከተመለሰ በኋላ ቤቱ ለቅሶ ተቀመጠ። አቶ ልዑልሰገድና ካፒቴን ዘርጋው ጥቁር ለብሰው አብረው መጡ። ልዑልሰገድ አንገቱን ደፍቶ፣ «በወጋችን ነው ያደረግኩት ካፒቴን። መርዶ በሥራ ቦታ አይነገርምና ነው» አለው።

የአጥናፉ ዓይን ደም ለበሰ። «ወጉ ሰው እንዳይሰበር ነው» አለ። «በረራ እንዳይዘገይ አይደለም!»

ዘርጋው ነገሩን ለማብረድ ክንዱን ያዘውና በለሰለሰ ድምፅ፣ «አይዞህ ወንድሜ፤ ይኼ የሙያችን ዕጣ ነው። እኔም አባቴን አልቀበርኩም። እንዳንተው በረራ ላይ ነበርኩ» አለው። ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከልቡ ነው። ሊያጽናናው ነው።

አጥናፉ ክንዱን መነጨቀና ከመቀመጫው ተነሣ። ዕድሜ ልኩን «እርስዎ» ይለው የነበረውን ሰው፣ በለቅሶ ቤት፣ በሽማግሌ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለው።

«አንተ ታውቀው ነበር? አባትን አለመቅበር ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር? ባታውቀው ይቅር እልህ ነበር! ሳይደርስበት ቀርቶ ነው እል ነበር! እያወቅክ ነው ጋዜጣህን ያላጠፍከው?»

ሽማግሌዎቹ «ኧረ በሕግ! ኧረ ነውር ነው!» ብለው ይዘው አስቀመጡት። ዘርጋው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

አጥናፉ በዚያው ሳምንት ሥራውን ሊለቅ ተነሣ። ወዳጆቹ ሁሉ ተረባረቡበት። «አብደሃል? ዘርጋው እኮ ጡረታ ሊወጣ ነው። ከእንግዲህ አንደኛ አንተ ነህ! ዕድሜህን የከፈልክበትን ወንበር ለማን ትተህ ነው የምትሄደው? ታገሥ እንጂ፤ የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል።»

«ሚስቴ ስትወልድም በረራ ላይ ነበርኩ» አላቸው።

አስካለ ግን ሂድም አላለችው፣ ቅርም አላለችው። «በንዴት ብቻ አትውጣ። ንዴት በር ይከፍታል እንጂ ቤት አይመርጥም። የምትገባበትን እይ» አለችው። ይህ ቃል ልቡ ውስጥ ገባ።

በዚያ አገር ሌላ የበረራ ድርጅት ነበር፤ ትንሽ ነው፣ አውሮፕላኖቹ ያረጁ ናቸው፣ የሚበረውም ወደ ጠረፍ ከተሞች ነው። አጥናፉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደ። ሰውየው ቀና ሰው ስለነበር አልሸነገለውም፤ «እዚህ ሲመጡ የኋላው ዘመንዎ አይቆጠርልዎትም። የመጨረሻ ሆነው ነው የሚገቡት፤ በረዳት አብራሪ ወንበር» አለው።

አጥናፉ ስለ ደመወዝ አልጠየቀም። ስለ ማዕረግም አልጠየቀም። «አሁን የመጨረሻው አብራሪ ማነው? ላነጋግረው እፈልጋለሁ» አለ።

የመጨረሻዋ ሐመልማል የምትባል ወጣት ነበረች። አውሮፕላን ጥላ ሥር ቆማ አገኛት።

«ፋሲካን የት ዋልሽ?» አላት ያለ መግቢያ።

ጥያቄው ገረማት። «እናቴ ዘንድ» አለችው።

«ታዲያ ማን በረረ?»

«አንጋፋው ካፒቴናችን ናቸው። አምና እኔ ነበርኩ። እዚህ በዓል አይመረጥም፤ ይዞራል።» ከዚያ ፈገግ ብላ ጨመረች፤ «እንዳልዋሽዎት፣ አውሮፕላኖቹ ይንገጫገጫሉ። አቧራው ሳንባ ይገባል። ካፒቴን ለመሆንም ዓመታት ይፈጃል። ግን እናቴ ስትታመም ‹ሂጂ› ለመባል ማንንም አለመንኩም።»

አጥናፉ ወደ ቤቱ ሲመለስ ውሳኔው አልቆ ነበር።

ቀላል ነበር ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። አጥናፉ ድሮ ራሱ ባስተማረው ሰው ሥር፣ በረዳቱ የቀኝ ወንበር ተቀመጠ። ከትከሻው ላይ ካፒቴንነቱን የምታሳየው አንዷ የወርቅ መሥመር ወረደች። የትልቁ ቤት ሰዎች በመንገደኞች አዳራሽ ሲያገኙት «ረዳት አጥናፉ!» እያሉ ይስቁ ነበር። ይናደዳል። ቤቱ ገብቶም ይናደዳል። ግን ቤቱ ገብቶ ነው የሚናደደው! ልጆቹ ንዴቱን ሳይቀር ለመዱት፤ «አባባ ዛሬም ተቆጥቶ መጣ» እየተባባሉ ይሥቃሉ። በፊት ተቆጥቶም ሆነ ሥቆ አያገኙትም ነበር። የአባቱ ሙት ዓመት ሲደርስ ማንንም ሳይለምን ሄደ፤ ድንኳኑን ከወንድሞቹ ጋር ተከለ፤ ድግሱን በእጁ አስተናገደ።

ዓመታት አለፉ። ትንሹ ቤት አደገ፤ አዳዲስ አውሮፕላኖች ገዛ። ከትልቁ ቤትም አብራሪዎች እየለቀቁ መጡ፤ ሲመጡ ግን ሕጋቸውን ይዘው መጡ። አጥናፉ እንደገና ካፒቴን ሆኖ፣ ከአንጋፋዎቹ አንዱ ተብሎ ነበር። አንድ ቀን አብራሪዎች ሁሉ ተሰበሰቡና አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሐሳብ አቀረበ፤ «ከእንግዲህ ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይምረጥ። ለአንጋፋዎቻችን ክብር ነው።» የፊት ወንበር ላይ የነበሩት አጨበጨቡ። ከኋላ የተቀመጡት አዳዲሶቹ መሬት መሬቱን አዩ።

አጥናፉ ተነሣ።

«ይህ ሕግ የሚጠቅመው እኔን ነው። ዛሬ ብታጸድቁት ፋሲካም ገናም የኔ ነው። ግን ልጠይቃችሁ፤ ከየት አምጥታችሁ ነው የምትሰጡኝ? በዓል ከሰማይ አይወርድም! ከአንድ ሰው ቤት ተነጥቆ ነው የሚሰጠኝ። የማንን አባት ነው የምትሸልሙኝ?»

ከትልቁ ቤት የመጣ አንድ ካፒቴን፣ «እኛም እኮ ጠብቀናል! እኛም እኮ ተበድለናል!» ብሎ ጮኸ።

«ተበድላችኋል» አለ አጥናፉ። «ታዲያ የበደላችሁን ሰው ትታችሁ ያልበደላችሁን ልጅ ታስከፍላላችሁ? ይኼ ካሳ ነው ወይስ ዘረፋ? እኔ እያወቅሁ አላደርገውም። እናንተም አታውቁም አይባልም፤ ይኸው ነገርኳችሁ!»

ተቀመጠ። ማንም አላጨበጨበለትም። ሥራ አስኪያጁ ሐሳቡን መልሶ ወሰደ፤ በዓሉም እንደ ድሮው መዞሩን ቀጠለ። ከፊት ወንበር ሰዎች አንዳንዶቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነፈጉት፤ አንዱም ተቆጥቶ ወደ ትልቁ ቤት ተመለሰ። በተከታዩ ፋሲካ የመብረር ተራው የአጥናፉ ነበር። እያጉረመረመ ሄደ፤ ግን ሄደ።

ወዳጄ፣ በደል የቀመሰ ሰው ሁሉ ደግ ይሆናል ብለህ አትሞኝ። ብዙው ሰው ግፍን የሚጠላው እስኪደርሰው ድረስ ብቻ ነው፤ ሲደርሰው «ተራዬ ነው» ይላል። እጅግ ሊያስቆጣን የሚገባውም የማያውቅ ሰው ጭካኔ ሳይሆን ሕመሙን አውቆት፣ ቀምሶት፣ ዘወር ብሎ ለሌላው የሚያቀብል ሰው ነው። ስለዚህ እንጀራ ፍለጋ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ልትሻገር ስታስብ አንደኛው ሰው ምን እንደሚያገኝ አትጠይቅ፤ አንደኛው የትም ቤት ይመቸዋል። የቤቱ ልክ የሚታወቀው የመጨረሻው ሰው በሚኖረው ኑሮ ነው።

ዛሬ አንተ በምትሠራበት ቤት የመጨረሻው ሰው ማነው? ያለፈውን በዓልስ የት ዋለ? ካላወቅክ፣ ነገ ሄደህ ጠይቀው።