ያልተቀመጠው አማች

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ጉዳይ ባንድ መንገድ እጨርሳለሁ ብሎ ሁለቱንም ሲያበላሽ የሚጠቀስ አባባል አለ። ጂንስ አጥልቀው የማያውቁ ባልቴቶች ሳይቀሩ ይሉታል። ጂንስ ሲባል ላንዱ ሱሪ ነው፣ ለሌላው ጃኬት፣ ለልብስ ሰፊ ደግሞ መርፌ የሚሰብር ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ። ያባባሉ ጂንስ ግን የክፈተው ሱሪ ነው፤ ነገሩም እንዲህ ነበር።

ክፈተው ባቡሩ ደህና በሚመላለስበት ዘመን ከጅቡቲ ልብስ ያመጣ ነበር። በሻንጣ ቢይዘው የጉምሩክ ጠባቂዎቹ ፊናንሶች ይወርሱበታል፤ ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ የመስመሩ ነጋዴዎች ገላው ላይ ይጭነዋል። ስስ ሸሚዝ ሲሆን አምስትም ስድስትም ደርቦ በሰላም ይወርዳል። ጂንስ ግን ሌላ ነው። አዲስ ጂንስ አንዱ ብቻውን እንኳ ጉልበት አላጥፍ ይላል፤ የደረበው ሰው መንገዱን ሁሉ ቆሞ ነው የሚመጣው።

ይህ ሰው ጽጌማርያም የምትባል ልጅ ወዶ ነበር። መውደድ ብቻ አይደለም፣ ከእሷ ሌላ ላያገባ ለራሱ ምሎ ነበር። ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ሐብተወልድ ዕድሜያቸውን በፊናንስነት የፈጁ ጡረተኛ ናቸው። ሽማግሌ ሆኖ የሄደላቸው አጎቱ አቶ ዘለለው ልጁ ልብስ ነጋዴ ነው አለ እንጂ ልብሱ በምን እንደሚመጣ አላነሳም። ደጋግሞ ደጅ ከጠና በኋላ አባት ረገብ ብለው፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጁን በዓይኔ ልየው አሉ። ቀጠሮ ተያዘ።

በቀጠሮው ቀን ባቡሩ ዘገየ። ክፈተው አራት ጂንስ ደርቦ ሲወርድ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ሱሪዎቹን የሚረከበው ባለሱቅም እንደ ድሬ ወግ በሙቀቱ ሱቁን ዘግቶ ተኝቷል። አጎትየው ጣቢያው በር ላይ ቆሞ፣ ሰዎቹ ምሳ አቅርበው እየጠበቁ ነው፣ ቶሎ በል ይለዋል። አክስቱ ቤት ጎራ ብሎ ቢያወልቅ ኖሮ ይህ ተረት ባልኖረ። እሱ ግን ሰላም ብዬ፣ ተመርቄ፣ በዚያው ባለሱቁ ዘንድ እሄዳለሁ ብሎ አሰበ። ከላይ ያጠለቀው ያማረ ስለነበርም ለልጅቷ ዓይን ይሞላል ብሎ ተጽናና። ለአጎቱም አልነገረው።

ቤቱ እንደገቡ አቶ ሐብተወልድ አጎትየውን መደብ ላይ አስቀመጡና ለክፈተው ዝቅ ያለች በርጩማ ሳቡለት። ክፈተው በርጩማዋን አያት። ጉልበቱ እንደማይታዘዘው ያውቃል። ቆሜ ይሻለኛል፣ በባቡር ብዙ ተቀምጫለሁ ብሎ ዋሸ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ወርቅነሽ ላቡ በግንባሩ ሲንቆረቆር አይተው ልጄን ወባ ያዘው ብለው ደነገጡ፤ ውሃ አመጡለት፣ ቆሞ ጠጣ።

አባት ከእግር እስከ ራሱ አስተዋሉትና ድምፃቸውን አለዝበው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ሰው ቤት ገብቶ የማይቀመጥ አንድ ነገር አለው። የቸገረህ ነገር ካለ አትፈር፣ ንገረኝ።»

ያኔ መናገር ነበረበት። ክፈተው ግን የታየው የፊናንስ ደንብ ልብስ ብቻ ነው። እውነቱን ካወጣሁ ልጅቷንም ሱሪውንም አጣሁ ብሎ ፈራ። ድንገት የሽማግሌ ወግ ትዝ አለው፤ ለልመና የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አልቀመጥም ይላል፣ ይህም ያስከብራል እንጂ አያስነውርም። ደረቱን ነፋ አደረገና፣

«ጋሼ፣ ልጅዎን ሰጥቼሃለሁ ካላሉኝ አልቀመጥም» አለ።

አጎትየው በኩራት ፈገግ አለ። እንዲህ ያለ ወግ አዋቂ መሆኑን አላወቀም ነበር። አቶ ሐብተወልድ ጥቂት አሰቡ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ ከዚያ ብድግ አሉ።

«መልካም። ሰጥቼሃለሁ። አሁን ተቀመጥ።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ እልል ብለው ሙሽራውን ቁጭ በል፣ ቁጭ በል ይሉት ጀመር። ክፈተው የተመኛት ልጅ ተሰጥታዋለች፣ የቀረው አንድ መቀመጥ ነው። ትንፋሹን ውጦ ወደ በርጩማዋ ዝቅ ማለት ጀመረ። ሌላ ጨርቅ ቢሆን ተተርትሮ ይገላግለው ነበር፤ ጂንስ ግን አይቀደድም። እኩሌታ ላይ ሲደርስ ደርቆ ቀረ፤ ወደታችም ወደላይም አልሆነለት። ሱሪው ወደ ላይ ተሰበሰበና ቁርጭምጭሚቱ ላይ የአራት ጂንስ ጠርዝ አንዱ ካንዱ ሥር ብቅ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ የጽጌማርያም ሳቅ ተሰማ። ከሁሉ እሱ አንገበገበው።

አቶ ሐብተወልድ ክንዱን ይዘው ቀጥ አድርገው አቆሙት። አልተቆጡም።

«ጣቢያ ላይ ሳለሁ የምጠረጥረውን ሰው አልፈትሽም ነበር፤ እስቲ አረፍ በል ነበር የምለው» አሉ። «አንተን ገና ከበሩ አውቄሃለሁ። ብትነግረኝ ጓዳ ገብተህ አውልቅና ና እልህ ነበር፤ ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጂንስ አልወርስም። አንተ ግን ውሸትህን በልጄ ሸፈንከው። ቃሌን መልሻለሁ። በሰላም ሂድ።»

ክፈተው ማለቂያ የሌለው የመሰለውን ግቢ እግሩን እንደ ዱላ እየወረወረ አቋርጦ ወጣ። አጎቱ አንገቱን ደፍቶ ተከተለው። እልልታውን ሰምተው ደጅ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት አጎትየውን ከበቡት፤ አንዲት ሴትም ልጅቷን ሰጧችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። አቶ ዘለለው እየራቀ የሚሄደውን የእህቱን ልጅ ተመለከተና እንዲህ አለ፦ «ሰጥተውት ነበር፤ ምን ይሆናል፣ ጂንስ ደርቦ የመጣ፣ ሳይቀመጥ ወጣ።»