ቀይ ወረቀት የሌለበት በር

አንድ ተካልኝ የሚባል ሰው ነበር። አገሩን ጥሎ ቻይና የገባው ለንግድ ነው፤ ከወደብ ከተማ ዕቃ እየመረጠ አዲስ አበባ ላሉ ነጋዴዎች ይልክ ነበር፤ ቻይንኛ መናገርም እዚያው ለመደ። የወደቡ ኑሮ ግን አላስቀምጥ አለው። ያገኘውን ሁሉ የቤት ኪራይ በላበት። በመጨረሻ «ሥራዬ እንደሆን በስልክ ነው፤ የትም ሆኜ ብሠራው ምን ቸገረኝ?» አለና ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ከባሕሩ በጣም ርቃ መሃል አገር ወደምትገኝ ከተማ ሄደ። ተራራ የከበባት፣ አቧራዋ የማያባራ፣ ከእሱ በቀር የውጭ አገር ሰው ዝር የማይልባት ከተማ ናት። ኪራይዋ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። «ለትንሽ ጊዜ ነው፤ ጥቂት ቋጥሬ አገሬ እገባለሁ» አለ። ይቺን «ትንሽ ጊዜ» የማያውቃት ስደተኛ የለም።

የተከራየው ቤት አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ግራና ቀኝ፣ ከበፊቱ ተከራይ የቀረ፣ ጽሑፍ ያለበት ቀይ ወረቀት ተለጥፎ ጠርዙ ተገሽልጧል። ተካልኝ ደግሞ ንጽሕና የሚወድ ሰው ነው፤ እናቱ እንዲያ ነው ያሳደጉት። ቢላዋ አመጣ፣ ወረቀቱን ፈቀፈቀ፣ በሩን በሳሙና አጥቦ ወለወለው። ደረጃውን ሲወጡ የነበሩ ጎረቤቶች ቆም ብለው አዩት፤ እርስ በርስ ተያዩና አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። እሱም «ጥቁር ሰው አይተው አያውቁም፣ ገርሟቸው ነው» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ያን በር ያንኳኳ ሰው የለም። የቻይና ዘመን መለወጫ ሲመጣ ፎቁ በአንድ እግሩ ይቆማል፤ ሰዉ ሳህን ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እየተጠራራ ይስቃል። የተካልኝ በር ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ፊት ለፊቱ አሮጊቷ እማማ ሉዎ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ታች መግቢያው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ተካልኝ ሲያልፍ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉለታል፣ እሱም ነቅነቅ ያደርጋል፣ በቃ። የልጅ ልጃቸው ያገባ ዕለት እንኳ፣ ርችት የማይጠፋበት አገር ሆኖ ሳለ፣ አንዲት ርችት ሳትተኮስ ሙሽሮቹ በእግር ጣታቸው እየረገጡ በበሩ አለፉ። ተካልኝ ከውስጥ ሆኖ ኮቴያቸውን ሰማ። «ወይ ጉድ! ደስታቸውን እንኳ እንዳልሰማባቸው ነው» አለ። ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታቱ ሄዱ። ወንበር አልገዛም፣ መጋረጃ አልሰቀለም፤ ለምን ብሎ፣ ነገ ሊሄድ? ጠዋት ስልክ፣ ማታ ስልክ፤ በመሃል ሾርባ የምትሸጥለትን ሴትዮ «አንድ ሳህን» ከማለት በቀር ድምፁን የሚሰማ አልነበረም። ሰውነቱ ምንም አልሆነም፤ ልቡ ነው የደከመው። አምና በብርዱ ወራት ለሥራ ወደ ወደቡ ወርዶ ሲመለስ የሽማግሌው በርጩማ ከቦታዋ የለችም። «እሳቸውም እኔን ማየት ሰለቻቸው» አለና ደረጃውን ወጣ።

በአራተኛው ዘመን መለወጫ ዋዜማ ተካልኝ ቁርጡን ለየ። «እስከ ቀትር አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ይህን በር ካንኳኳ እቆያለሁ። ካልሆነ ባዶ እጄንም ቢሆን አገሬ እገባለሁ» ብሎ ለራሱ ማለ። ሻንጣውን አዘጋጅቶ፣ የከሰዓቱን ባቡር ትኬት ኪሱ ከትቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጆሮው በሩ ላይ ነው። ጎረቤት ተጠራራ፣ ልጆች ሮጡ፣ ቀትር አለፈ። ማንም አላንኳኳም። ሻንጣውን አንስቶ በሩን ከፈተ።

እማማ ሉዎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው በሩ ፊት ቆመዋል።

«ልግባ ልመለስ እያልኩ ነው የቆምኩት» አሉ እያፈሩ። «ሦስት ዓመትህ ሞላ፣ ልጄ። ሐዘንህ ወጣ። ይኸው ለበርህ ቀይ ወረቀት አምጥቼልሃለሁ።»

«የምን ሐዘን ነው፣ እማማ?»

«እናትህ ናቸው አባትህ? ልጠይቅህ እያልኩ ድፍረት አጣሁ። በዓል ሊገባ ሲል መጥተህ ቀዩን ከበርህ ላይ ፈቀፈቅከው። በእኛ ዘንድ በሩ ቀይ የሌለበት ሰው፣ የሞተበት ሰው ነው። ሦስት ዓመት አይለጥፍም። እኛም ሐዘኑ እስኪወጣ ደጁ ሄደን አንረብሸውም።»

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም!» አለ ተካልኝ። «ቆሻሻ መስሎኝ ነው ያነሣሁት።»

እማማ ሉዎ ደረጃው ላይ ዘጭ አሉ። «ታዲያ የልጅ ልጄን ያለ ርችት የዳርኩት ለማን ብዬ ነው?»

ተካልኝ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥላቻ ነው ብሎ ሲቆዝምበት የኖረው ዝምታ፣ ለካ ለእሱ ታስቦ ነው። ግን ደግሞ ተናደደ፤ የደከመው ሰው ለመናደድ ቅርብ ነው። «እኛ አገር እኮ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም!» አላቸው። «ጎረቤት ነው ቀድሞ የሚደርሰው። ምግብ ይዞ ይመጣል፣ አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ያድራል። እናንተ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አታንኳኩም?»

እማማ ሉዎ ቀና ብለው አዩት። «እንዲህ ነው እንዴ አገርህ?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ራሳቸው በር ዞር አሉ።

ተካልኝም ዞረ። በራቸው ላይ ቀይ የለም። አንድ ጥግ ላይ የተቀደደ ነጭ ወረቀት ቀርቷል። ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያለፈው በዚህ በር ነው። በርጩማዋ ትዝ አለችው።

«ሽማግሌው...?»

«አምና በብርዱ» አሉ። «ለዚህ ነው ያላንኳኳሁት፤ ሐዘንተኛ በበዓል የሰው በር አይመታም። ወረቀቱንም የጠቀለልኩት እጄ እንዳይነካው ነው። አንተ አንገትህን ደፍተህ ስታልፍ፣ ልማዳችንን አውቆ አከበረኝ እያልኩ አመሰግንህ ነበር።»

ተካልኝ በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት አፍሮ አያውቅም። ከፊት ለፊቱ ሰው ሞቶ ለቅሶ አልደረሰም። አገሩ ቢሆን ጎረቤት ዓይኑን አያየውም ነበር። ሻንጣውን አስቀመጠና ከአጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በቻይንኛ የሚለው ቃል አልመጣለትም፤ ስለዚህ በአማርኛ «እግዜር ያጽናዎት» አላቸው። እማማ ሉዎ ቃሉን አላወቁትም። ግን ባለቤታቸው ከተቀበሩ ወዲህ አብሯቸው የተቀመጠ ሰው አልነበረምና አለቀሱ፤ እሱም አለቀሰ። ባቡሩም ጥሎት ሄደ።

ቀዩን ወረቀት በሩ ላይ አልለጠፈውም። «የእርስዎም ሐዘን ሲወጣ አብረን እንለጥፋለን» ብሎ ከነጋዜጣው አስቀመጠው። በማግስቱ ወንበር ገዛ፤ ሁለት።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ማን እንዳልመጣልን ስንቆጥር፣ ወደ ማን እንዳልሄድን መቁጠር እንረሳለን። በራችን ሳናውቀው ለሰው የሚናገረው ነገር አለ፤ የጎረቤታችንም በር የሚናገረውን እኛ አንሰማም። ደግሞ ይህን ለመሳሳት ቻይና ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

እርስዎስ፣ ከፊት ለፊትዎ ካለው ቤት ማን እንደጎደለ ያውቃሉ?