የየኔታ አንበሳ አጥንት

ተረት ተረት፤ የአጥንት ሙግት።

ከወንዙ ማዶ የጅቦች፣ ከወንዙ ወዲህ የውሾች ጉባኤ ቤት ነበረ። ሁለቱም ትምህርቱን የወረስነው ከየኔታ አንበሳ ነው ባዮች ናቸው። የየኔታ መታሰቢያ ነው የተባለ አንድ አጥንት ነበርና አንድ ዓመት ጅቦች ይሰርቁታል፣ በዓመቱ ውሾች ሰርቀው ይመልሱታል።

የውሾቹ አለቃ ኩሩ ነበር፤ አጥንቱ በተሰረቀ ቁጥር እህል አይቀምስም። ዘንድሮ ግን መረረውና ወንዙን ተሻግሮ፣ «አያ ጅቦ፣ አጥንታችንን መልስ። እኛ አጥንት ቢቆጠር ከየኔታ ነን» አለ።

«እኛም ቢቆጠር እዚያው ነን» አለ አያ ጅቦ፣ አጥንቱን እንዳቀፈ።

ለዳኝነት እመት ኤሊን ጠሩ፤ የኔታን በዓይኗ ያየች እሷ ብቻ ናት። አጥንቱን አገላብጣ አየችና፣ «ልጆቼ፣ ይሄ የበሬ አጥንት ነው። የኔታ ምሳቸውን ሲግጡ አያቶቻችሁ በጭቅጭቅ ቢያስመርሯቸው ጥለውት ሄዱ» አለች።

ውሻው አፈረ። ጅራቱን ወሽቆ ወንዙ ድረስ ሄደና ድንገት ዞር አለ።

«አያ ጅቦ፣ ምሳቸውን የበሉት ግን እኛ ግቢ ነው።»

አያ ጅቦ አጥንቱን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ።

ተረቴን መልሱ፣ አጥንቱን ግን እንዳትልሱ።